ከማር ጉንዶ እስከ ደስታ ከረሜላ፤ በምዕራብ ጐጃም የጣፋጭ ነገር ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጐጃም ገጠር ጣፋጭ ነገር በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ የነበረውን ስፍራና ከጊዜ ወደ ጊዜ ያገኘውን ለውጥ መመርመር ነው። የታሪኩ ሁለት ጫፎች ማርና ከረሜላ ናቸው። ማር የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ከረሜላ ግን ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው። በአገራችን ከተሠሩት የከረሜላ ዓይነቶች መካከል ስሙ በሕዝብ አፍ የቀረው በወንጂ ይሠራ የነበረው ደስታ ከረሜላ ስለ ሆነ፣ ምርመራችን ከማር ጉንዶ ተነሥቶ ወደዚያ ይደርሳል።

ከረሜላ ለታሪክ ምርመራ የማይበቃ ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ለልጁ የሚሰጠውን ነገር፣ የሚሰጥበትንም ጊዜና ምክንያት የመረመረ ሰው ስለዚያ ሕዝብ ሀብት፣ ማዕርግና ገበያ ብዙ ነገር ይረዳል። በዚህም ላይ መልስ የሚፈልግ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ማር በሞላበት አገር ከስኳር የተሠራ የባዕድ ጣፋጭ እንዴት ስፍራ ሊያገኝ ቻለ? የሚል ነው። እንደሚታየው ምክንያቱ በጣዕም ላይ ብቻ አይደለም። ማር በአገሩ ቢበዛም የሕፃን ንብረት አልነበረም፤ የሚሰፈር፣ የሚገበር፣ ለትልቅ ሰው የሚቀርብ ነበር። ከረሜላ ግን ከመጀመሪያው አንስቶ በቍጥር የሚሸጥ የሕፃን ድርሻ ሆኖ መጣ። ከዚህ በታች የሚዘረዘረው ይህን ለማስረዳት ነው።

፩ኛ፤ የማር አገር

ምዕራብ ጐጃም ከሰከላና ከደጋ ዳሞት ከፍታ ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሓ የሚወርድ አገር ነው። ብር፣ ላህና ፈጣም የተባሉት ወንዞች ይህንኑ አገር እየቈረጡ ወደ ዓባይ ይገባሉ። ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው ጐን ለጐን ስለሚገኙ አበባው በአንድ ወቅት ተጠቃሎ አያልቅም። ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባ ሜዳውን ያለብሳል፤ ወዲያውም የኑግ ማሳ ቢጫ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ዋናው የማር ቈረጣ በጥቅምትና በኅዳር ይውላል። የበልግ ዝናብ የረዳው እንደ ሆነ በግንቦትና በሰኔም ሁለተኛ ቈረጣ ይገኛል።

ቀፎው ከቀርቀሃ ወይም ከሸምበቆ ተሰንጥቆ ይታታል፤ በእበትና በጭቃም ይመረጋል። አዲሱ ቀፎ ንብ እንዲገባበት መዓዛ ባለው ቅጠል ይታጠናል። ከዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ንቡ ከገባ በኋላም አወራርደው ከቤት አጠገብ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር የሚያኖሩት ብዙ ናቸው። ንብ ማነብና ማር መቍረጥ የወንድ ሥራ ሲሆን፣ ማሩን ጠጅ አድርጎ መጣል የሴት ሙያ ነው። በዚህ ሥራ ያሉት ቃላት ራሳቸው ይመሰክራሉ። ንቦቹን የምትመራው እናት ንብ በአማርኛ አውራ ትባላለች፤ ሰፈፉ ከነማሩ ሲቈረጥም የማር እንጀራ ይባላል። ሕዝቡ የንብን ቤት በራሱ ቤት አምሳል ስለ ተረዳው፣ ጌታና እንጀራ ያለው ቤተ ሰብ አድርጎ ሰይሞታል።

ከቀፎው ማር ሌላ ጣዝማ የሚባል አለ። ይህ መርፌ የሌላት ትንሽ ንብ ከመሬት ውስጥ የምትሠራው ቀጭን ማር ነው። ጥቂት ስለሚገኝ ለምግብነት አይታሰብም፤ ለሳልና ለደረት ሕመም መድኃኒት ሆኖ ይቀመጣል። ጣዝማ የሚገኝበትን ጉድጓድ አጥብቀው የሚያውቁት ከብት ጠባቂዎች ናቸው።

የአገሩ ማር ዝና አዲስ አይደለም። የዓባይ ምንጭ የሆነው ግሽ የሚገኘው በዚሁ በሰከላ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም.፣ ጄምስ ብሩስም በ1763 ዓ.ም. ግሽን አይተዋል። ብሩስ ስለ አገው ሲናገር፣ የጐንደር ከተማ ማርን፣ ቅቤን፣ ሰምንና የእርድ ከብትን ከእነርሱ ታገኝ እንደ ነበር ጽፏል። ይህ ቃል ለምርመራችን ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም ማሩ ከተቈረጠበት ስፍራ የሚወጣ፣ ወደ ከተማና ወደ ግቢ የሚጓዝ ሀብት እንደ ነበረ ያሳያል።

፪ኛ፤ ማር የማን ነበር?

በቀድሞው ሥርዓት ገበሬው ከሚገብራቸው ነገሮች አንዱ ማር ነው። የማር መስፈሪያው ጉንዶ የሚባለው የሸክላ ዕቃ ነበር። ገዢው በጉንዶ ይቀበላል፤ ማሩም በግቢው ጠጅ ይሆናል። ጠላ የማንኛውም ቤት መጠጥ ሲሆን፣ ጠጅ ግን በግብር አዳራሽ በማዕርግ ተራ የሚታደል መጠጥ ነው። ማን ከየትኛው ጠጅ እንደሚጠጣ፣ ማን በብርሌ ማን በዋንጫ እንደሚቀዳለት፣ ይህ ሁሉ የሰውየውን ስፍራ የሚያስረዳ ምልክት ነበር። ስለዚህ ማር ከምግብነቱ ይልቅ የሥልጣን ምልክትነቱ ይበረታ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሁለተኛው የማር ባለ ድርሻ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከማሩ የሚለየው ሰም ጧፍ ይሆናል፤ ስለዚህ የቀፎው ፍሬ ከፊሉ ለመቅደሱ ብርሃን ይውላል። ሰም ደግሞ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ንግድ ስለ ነበረ ነጋዴውም ከዚህ ድርሻ ነበረው።

በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ዘመን የጐጃም ገበሬ የግብር ሸክም እጅግ ከብዶ እንደ ነበር በታሪክ የታወቀ ነው። ራስ ኃይሉ ለንግድና ለገንዘብ የነበራቸው ትጋት በዘመኑ ከነበሩት መኳንንት ሁሉ የተለየ ነበር። እርሳቸው በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን እስከ ተነሡ ድረስ ቀፎ ያለው ሰው ማሩን ቈርጦ ለልጆቹ ከማብላቱ በፊት የሚያስብላቸው ብዙ ነገሮች ነበሩበት።

ታዲያ ሕፃኑ ከማሩ ምን ያገኝ ነበር? በቈረጣ ሌሊት የተሰበረ የማር እንጀራ ይደርሰዋል፤ ሰሙን እያኘከ ጣዕሙን ይመጣል። ሲታመም በማንኪያ ይቀምሳል። ድግስ ሲኖር ብርዝ ይጠጣል፤ ብርዝ ያልፈላ የማር ውሃ ስለ ሆነ ለሕፃናት፣ ለማይሰክር መጠጥ ፈላጊዎችና ለእስላም እንግዶች የሚቀርብ ነው። ከዚህ ውጭ ጉንዶው ታሽጎ ከጓዳ ይቀመጣል። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» የሚለው ምሳሌም ቢሆን ስለ መስፈር እንጂ ስለ መብላት አይናገርም። ማር በሚሰፈርበት ቤት ነገር ሁሉ በሥርዓት ነው፤ ሰፋሪ፣ አስፋሪና ምስክር አለበት። ሕፃን ግን ከሦስቱም አንዱ አይደለም።

፫ኛ፤ ከማር በፊት የሕፃን ጣፋጭ

ይህ ሲባል ግን የጐጃም ልጅ ጣፋጭ ሳያውቅ ያድግ ነበር ማለት አይደለም። ከጓሮና ከሜዳ የሚያገኘው ነበረ። በመስኖ ዳር የሚበቅለው ሸንኮራ አገዳ በገበያ ቀን ተቈራርጦ ይሸጣል። ከማሽላው እርሻ ውስጥ ጥንቅሽ ይገኛል፤ ጥንቅሽ አገዳው እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጥ የማሽላ ዓይነት ነው። ከብት የሚጠብቁት ልጆች ደግሞ አጋም፣ ቀጋ፣ ዶቅማ፣ እንጆሪና ሾላ ይለቅማሉ።

የነዚህ ሁሉ ጠባይ አንድ ነው። ጊዜያቸውን ጠብቀው ይመጣሉ፤ ወቅታቸው ሲያልፍ ያልፋሉ። ተከማችተው አይቀመጡም፤ የሚገዙም አይደሉም፤ ከሸንኮራ በቀር ዋጋ አልነበራቸውም። ስለዚህ የልጁ ጣፋጭ ከዓመቱ ወራት ጋር የተሳሰረ ነበር። ከረሜላ ያመጣው የመጀመሪያው ለውጥ በዚህ ላይ ነው። ሐምሌና ጥር ለከረሜላ አንድ ናቸው።

፬ኛ፤ ሳንቲምና ሱቅ

ከረሜላ ወደ ገጠር እንዲገባ አስቀድሞ ትንሽ ገንዘብ መኖር ነበረበት። ይህ ቀላል ነገር መስሎ ቢታይም የጉዳዩ ቍልፍ ነው። በቀድሞ ጊዜ በጐጃም ገበያ የሚሠራባቸው ገንዘቦች የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብርና የጨው አሞሌ ነበሩ። ቡሬ ዓባይን ተሻግሮ ከጉድሩና ከወለጋ ለሚመጣው ነጋዴ የታወቀ ገበያ ነበር፤ በስተ ምሥራቅ ያለው የባሶ ገበያም በ19ኛው መቶ ዓመት በመላው ጐጃም ተወዳዳሪ አልነበረውም። በእነዚህ ገበያዎች ወርቅ፣ የዝባድ ሽቱ፣ ቡና፣ ከብትና ጨው ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ነገር ግን ለአንድ ልጅ አፍ የሚበቃ ዋጋ በጠገራ ብር ሊቈጠር አይችልም። አሞሌም ተሰብሮ ቢከፈል እንኳ ስባሪው ለልጅ መጫወቻ የሚሰጥ አልነበረም።

ከጠላት ወረራ በኋላ ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። አንደኛው፣ የ1934 እና የ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር ዐዋጆች ገበሬው በዓይነት ይገብር የነበረውን በገንዘብ እንዲከፍል ማድረጋቸው ነው። ጐጃም አዲሱን የግብር ሥርዓት በቀላሉ አልተቀበለም፤ ክርክሩም በ1960 ዓ.ም. እስከ ተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ ድረስ ዘልቋል። ሆኖም ማር በግብርነቱ ወደ ግቢ መሄዱ እየቀረ ወደ ገበያ መሄዱ እየበዛ ሄደ። ገበሬው ለግብሩ የሚከፍለውን ብር ለማግኘት ማሩን ይሸጣል። ሁለተኛው ነገር፣ 1936 ዓ.ም. የሚል ዘመን የተቀረጸባቸው የ1፣ የ5፣ የ10፣ የ25 እና የ50 ሳንቲም ገንዘቦች መውጣታቸው ነው። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሥራ ላይ ሲውል ሳንቲሙ እየተስፋፋ ወደ ገጠር ገባ። በዚህ ጊዜ የአገራችን ሕፃን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእጁ የሚመጥን ገንዘብ አገኘ ማለት ይቻላል።

ገንዘቡ ካለ የሚገዛበት ስፍራ ያስፈልጋል። ገበያ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቆም፣ ሱቅ ግን በየቀኑ ይከፈታል። በአገራችን የጠቅላይ ግዛት ከተሞች የሱቅ ንግድን ካስፋፉት መካከል ከየመን የመጡ ዐረቦች ነበሩባቸው፤ «ዐረብ ቤት» ማለት ሱቅ ማለት እስኪመስል ድረስ የሠሩባቸው ከተሞች ብዙዎች ናቸው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ መንገዱ እየተሻሻለ ሲሄድ፣ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ የሚያልፈው ጎዳና የጭነት መኪና መተላለፊያ ሆነ። ፍኖተ ሰላም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ከተማይቱም በእርግጥ የመንገድ ከተማ ሆና አድጋ የምዕራብ ጐጃም ዞን መቀመጫ ለመሆን በቅታለች።

ስለ ቃሉም ጥቂት መናገር ይገባል። ከረሜላ የተባለው ቃል የጣሊያንኛው ካራሜላ ነው። ብስኩት፣ ፓስታና ፉርኖ ከመጡበት መንገድ የመጣ ነው። ስኳር ግን ከዐረብኛው ሱከር ጋር የሚዛመድ የቈየ ቃል ነው። ናና የሚባለውም ተክል ስሙ የዐረብኛ ነው። እንግዲህ ሕፃኑ ከሱቅ የሚገዛው አንድ ፍሬ ነገር በውስጡ የቀይ ባሕርን ንግድና የጣሊያንን ቋንቋ አጣምሮ ይዟል። ማር፣ ሰፈፍ፣ ቀፎና ጠጅ የሚሉት ቃላት ግን ከማንም አልተበደሩም።

፭ኛ፤ ወንጂና ደስታ

ከረሜላ የአገር ውስጥ ሥራ ሊሆን የቻለው ስኳር በአገር ውስጥ መሠራት በመጀመሩ ነው። በኢንዶኔዥያ ሰፊ የሸንኮራ እርሻ የነበረው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በአዋሽ ሸለቆ በወንጂ ሜዳ እርሻ አቀና። የወንጂ ስኳር ፋብሪካም በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሁለተኛው የሸዋ ፋብሪካ በ1955 ዓ.ም.፣ የመተሐራውም በ1962 ዓ.ም. ተከተሉት። ከስኳሩ ሥራ ጋር በወንጂ ከረሜላ ይዘጋጅ ነበር፤ እርሱም ደስታ ከረሜላ ተባለ። ፋብሪካዎቹ በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ንብረት ሆኑ። አሮጌዎቹ የወንጂና የሸዋ ፋብሪካዎች ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ተዘግተው በስፍራቸው አዲስ ፋብሪካ ተተክቷል።

ይህን ስኳር የተከተለው ጣፋጭ ነገር ብቻ አለመሆኑን መግለጽ ይገባል። ወንጂ እርሻ ከመሆኑ በፊት የጂሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች ግጦሽ ነበር፤ እርሻው ሲሰፋ እነርሱ ከስፍራው ተነሥተዋል። ከሩቅ አገር ለአገዳ ቈረጣ የመጡት ሠራተኞችም ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ በመጠጣታቸው ጥርሳቸውና አጥንታቸው እንደ ተጐዳ በሕክምና ምርመራ ተረጋግጧል። በፍኖተ ሰላም ሱቅ ከረሜላ የሚገዛ ልጅ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ማርን የሚበላ ሰው ግን ማን እንደ ቈረጠውና ንብ ማንን እንደ ነደፈች ያውቃል። በማርና በስኳር መካከል ካለው ልዩነት አንዱ ይህ ነው፤ ስኳር ሠሪውን ሰውሮ ይመጣል።

ስለ ሥራው ጥበብ ጥቂት እንበል። ከረሜላ የሚሠራው ስኳርን በጥቂት ውሃ አሟምቶ፣ ከግሉኮስ ጋር እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በማፍላት ነው። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ የቀረው ሲቀዘቅዝ እንደ መስተዋት ይደርቃል። ማር ለዚህ አይመችም፤ ከውስጡ ያለው ፍሩክቶስ የተባለው የስኳር ዓይነት ከአየር እርጥበት እየሳበ እንዲለሰልስ ያደርገዋል። ስለዚህ ማር ዕቃ ይፈልጋል፤ ጉንዶ፣ ቅል ወይም ማሰሮ ከሌለ ከስፍራው አይንቀሳቀስም። ከረሜላ ግን በወረቀት ተጠቅልሎ በኪስ ይገባል። ማር ይሰፈራል፤ ከረሜላ ይቈጠራል። የሚሰፈር ነገር መስፈሪያ ላለው ትልቅ ሰው ይመቻል፤ የሚቈጠር ነገር ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ለቻለ ልጅ ሁሉ ይደርሳል።

ስሙም ቢሆን ታስቦበት የወጣ ይመስላል። ደስታ ለወንድም ለሴትም የሚወጣ የታወቀ የሰው ስም ነው፤ የዓውደ ዓመትና የሰርግ ቃልም ነው። ባዕድ የሆነው ከረሜላ የሚለው ቃል ደስታ ከሚለው ጋር ሲጣመር ከአገሩ ቋንቋ ጋር ታረቀ።

፮ኛ፤ የናና ከረሜላና የሆላንድ ምሳሌ

ወንጂን ያቀኑት ሰዎች አገር የሆነችው ሆላንድ በከረሜላ ስም ረገድ ለንጽጽር የሚጠቅም ምሳሌ አላት። በፍሪስላንድ ግዛት በዶኩም ከተማ የተቋቋመው የፎርታውን ቤት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1892 ዓ.ም. ቪልሄልሚና የተባለውን የናና ከረሜላ አወጣ። ቪልሄልሚና በ1890 ዓ.ም. ገና በ10 ዓመቷ አባቷን ተክታ ንግሥት የሆነችው ልጅ ናት፤ መልኳም በነጩ ከረሜላ ላይ ታትሟል። የሆላንድ ፕሮቴስታንቶች ስብከት ሲረዝም ይህን የመሰለ ከረሜላ ከጐን ለተቀመጠው ሰው እያደሉ መብላት ልማዳቸው ነው።

በእኛ አገር ይህ ሊታሰብ የማይችል ነው። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው፣ ይልቁንም ሥጋ ወደሙ የሚቀበል፣ ከአፉ እህልና ውሃ ከልክሎ ይቆማል፤ ከረሜላም ከዚያው ይቈጠራል። በሆላንድ ከረሜላ የትልቅ ሰውና የጉባኤ ሲሆን፣ በጐጃም የሕፃንና የሱቅ ደጃፍ ሆኖ ቀረ። በስም ረገድም ልዩነት አለ። እነርሱ ከረሜላቸውን በንግሥት ሲሰይሙ፣ በእኛ አገር ግን ነገሥታት በጠጅ አዳራሽ ስለሚታሰቡ የከረሜላው ስም ደስታ ሆነ።

የናና ከረሜላ፣ በገበያ ስሙ ሚንት የሚባለው፣ በምዕራብ ጐጃም ሌላ ስፍራም አግኝቷል። ናና ቀዝቃዛ የሚመስለው በውስጡ ያለው ሜንቶል የአፍን ሙቀት ሳይቀንስ ቅዝቃዜን የሚያስታውቁትን ሕዋሳት ስለሚቀሰቅስ ነው። አገሩ ከጥንት ጀምሮ ሽታ ያላቸውን ቅጠሎች ለመድኃኒትና ለመጠጥ የለመደ ነው፤ ጤና አዳም ከቡና ጋር ይጠጣል፤ ጦስኝም ለጉንፋን ይፈላል። ስለዚህ ጉሮሮ የሚከፍት ከረሜላ ሲመጣ እንደ መድኃኒት ለመቀበል አላስቸገረም። ሳል የያዘው ሰው ቀድሞ ጣዝማ ይፈልግ እንደ ነበረ አሁን ሚንት ይገዛል። ትልልቅ ሰዎች ያለ ኀፍረት የሚበሉት ከረሜላም ይኸው ነው፤ ምክንያቱ መድኃኒት ነው ለማለት ስለሚመች ነው። ፈዋሽነቱ ከጣዝማ ይበልጣል ማለት ግን አይደለም፤ ልዩነቱ ጣዝማ ሲፈለግ የማይገኝ፣ ሚንት ግን በየሱቁ ያለ መሆኑ ነው።

፯ኛ፤ ከረሜላ በልማድ ውስጥ

ከውጭ የመጣ ነገር በአገር ልማድ ውስጥ ስፍራ ሲያገኝ የአገሩን ሥርዓት ይለብሳል። ከረሜላም እንዲሁ ሆኗል። ከከተማ ወደ ገጠር ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ ለትልልቆቹ ቡናና ስኳር፣ ለልጆቹ ከረሜላ ይይዛል። ልጁ ከረሜላውን እንደ ማንኛውም ስጦታ እጅ ነሥቶ በሁለት እጁ ይቀበላል። ለብቻው መብላትም ነውር ነው። አንዱን ፍሬ በልብስ ጫፍ ጠቅልሎ፣ በጥርሱ ሰብሮ ለወንድሙና ለእኅቱ ያካፍላል። ማዕድን በአንድነት የሚቈርስ ሕዝብ ለአንድ አፍ ብቻ የተሠራውን ነገር እንኳ የጋራ እንዳደረገው ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ልማድ የመልስ ነው። ሳንቲም በጠፋ ጊዜ ባለ ሱቁ ለገዢው በመልስ ፈንታ ከረሜላ ወይም ማስቲካ ይሰጣል። ይህ በአገራችን ሁሉ የታወቀ ነው። ለታሪክ ተመልካች ግን እጅግ የሚያስገርም ነገር አለበት። ቀደም ብለን እንዳየነው ከረሜላ ወደ ገጠር የገባው ሳንቲም ስለ ተገኘ ነው፤ የሳንቲም ዋጋ ሲወርድና ሲጠፋ ደግሞ ከረሜላው ራሱ ሳንቲም ሆነ። የሚበላ ነገር ገንዘብ መሆኑ ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ አሞሌም ከወጥ የሚገባ ገንዘብ ነበር።

በደርግ ዘመን ስኳር በቀበሌ የኅብረት ሱቅ በራሽን ይታደል እንደ ነበር ይታወሳል። በዚያ ጊዜ የስኳር ዋጋና ክብር ከፍ ብሎ፣ ለገጠር ዘመድ ስኳር ይዞ መሄድ ቀድሞ ማር ይዞ እንደ መሄድ ሆነ። ስጦታው መንገዱን እንደ ለወጠ ልብ ማለት ይገባል። ቀድሞ ጣፋጭ ከገጠር ወደ ከተማ ይሄድ ነበር፤ አሁን ከከተማ ወደ ገጠር ይመጣል።

፰ኛ፤ ስኳር ወደ ማር ሲመለስ

እስካሁን ያየነው ማርና ስኳር ጐን ለጐን ሲኖሩ ነው። ከጊዜ ወዲህ ግን አንዱ ወደ ሌላው ገብቷል፤ አሳሳቢው ነገርም ይህ ነው። በየከተማው የሚሸጠው ጠጅ ብዙው ከማር ይልቅ በስኳር የተጣለ ሆኗል። ለገበያ የሚቀርበውም ማር ስኳር ተደባልቆበት የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ አረምና ፀረ ተባይ መድኃኒት ንቡን በመግደሉ፣ የማር እጥረት የድብልቁን ሥራ አትራፊ አድርጎታል። ኢትዮጵያ በማር ብዛት በአፍሪካ የመጀመሪያዋ መሆኗ እየታወቀ ገዢው የሚገዛውን ማር የሚጠራጠር መሆኑ ቀላል ጉዳት አይደለም።

በሌላ በኩል ነገሩ ሁሉ ወደ ጥፋት አላዘነበለም። ባለ ፍሬም ቀፎና የሽግግር ቀፎ በገበሬው ዘንድ እየተለመዱ ነው። ከዓባይ ማዶ በቀድሞው የጉድሩ አገር የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በ1991 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በቡሬ ደግሞ የእርሻ ውጤቶችን የሚያቀነባብር የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ከጉድሩ የሚነሣው ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ በቡሬ ይገበያይ እንደ ነበር ከላይ አይተናል፤ ዛሬ የስኳሩና የማሩ ሥራ በዚያው ጥንታዊ መንገድ ሁለት ጫፎች ላይ ይገኛሉ። ማሩ በፋብሪካ ተጣርቶና ታሽጎ የሚወጣበት ቀን ሲስፋፋ፣ ማሩ ማር መሆኑን የሚመሰክር ሥርዓት አብሮ ካልተሠራ ግን ጉንዶው በጠርሙስ ከመለወጡ በቀር የሚገኝ ጥቅም የለም። በጉንዶው ዘመን ሰፋሪና ምስክር ነበሩ፤ በጠርሙሱም ዘመን ምስክር ያስፈልጋል።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረውን በአጭሩ ስናጠቃልለው፣ ከረሜላ በማር አገር ስፍራ ያገኘው ማርን በጣዕም በልጦ አይደለም። ማር በግብር፣ በማዕርግና በመስፈሪያ ታጥሮ ከሕፃኑ ርቆ በነበረበት ስፍራ፣ ከረሜላ በሳንቲም፣ በሱቅና በቍጥር ቀርቦ ስለ ተገኘ ነው። ደስታ ከረሜላ የሚታወሰውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ትልቅ ሰው ሳይቀምስለትና ሳይሰፍርለት ልጅ በራሱ ገንዘብ የገዛው ጣፋጭ እርሱ ነበርና።

ለተማሪዎችና ለተመራማሪዎች የሚቀር ሥራ አለ። የቀፎና የማር ቃላት ከሽማግሌዎች ጋር ሳይጠፉ በየወረዳው ሊሰበሰቡ ይገባል። የጉንዶው ልክ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይለያይ እንደ ነበር ዕቃው ራሱ በተገኘበት ሁሉ ቢለካ መልካም ነው። እንደዚሁም የከረሜላ መጠቅለያ ወረቀት፣ የሱቅ መዝገብና የማስታወቂያ ሥዕል ለታሪክ የሚጠቅሙ ሰነዶች መሆናቸው ታውቆ በቤተ መዘክር ስፍራ ቢሰጣቸው ተገቢ ነው። ስለ ነገሥታት ግብር የሚናገሩ ጽሑፎች በብራና ተጽፈው ተቀምጠዋል፤ ስለ ልጆች ደስታ የሚናገረው ግን በቀላሉ የሚቀደድ ወረቀት ነው። ጊዜ ሳያልፍበት መሰብሰብ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።